ለደሴ አየር የተጠረበ እንጨት

አምስት ስስ የእንጨት ልጣጭ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቆ፣ ሁሉም ተደምሮ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ ከነእጀታው 85 ግራም ገደማ የሚመዝን። ይኸው ነው! ሰሞኑን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ መንገድ ላይ አቁሜ የማወራለት፣ ፒያሳ ቡናዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ከቦርሳዬ አውጥቼ «እስቲ ያዘው፣ እስቲ አንኳኳው» የምልለት ነገር ይኸው ነው። ካርቦን የለው፣ የሚያብረቀርቅ ጽሑፍ የለው፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት እንጨት ነው። ግን ደሴ ላይ ቆሞ ለሚጫወት ሰው ከዚህ የተሻለ እንጨት የለም ስል ከልቤ ነው። የተመቸው ለእጄ ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ጦሳ ተራራ ሥር ለምንተነፍሰው አየር ነው የተመቸው!

ያመጣልኝ ስቶክሆልም የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ለዓመት በዓል ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ በካልሲ ጠቅልሎ። ስቲጋ ኦልራውንድ ክላሲክ ይባላል፤ የስዊድኖች ሥራ ነው፤ ጨዋታውን በቅርብ የሚከታተል ሰው ስሙን አያጣውም። አውሮፓ ውስጥ አሠልጣኞች ለጀማሪ ልጅ የሚያስይዙት ከዚህ ወገን የሆነ እንጨት ነው፤ ልጁ ጉልበት ሲያወጣ ወደ ፈጣኑ ያሸጋግሩታል። ስለዚህ ብዙ ሰው «የጀማሪ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ዋጋውም ከስመ ጥሩዎቹ የካርቦን እንጨቶች ጋር ሲተያይ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ይለፉት! ለእኛ ይቅርልን!

እስቲ ጠርዙን ወደ መስኮት አዙራችሁ እዩት። መሃል ላይ ከሁሉም የወፈረው፣ ነጣ ያለው ልቡ አለ። ግራና ቀኙን ሁለት ስስ ልጣጮች አቅፈውታል፤ ከነሱ ውጪ ደግሞ ኳሷን የሚቀበሉት ሁለቱ ቆዳዎች አሉ። የልቡ ጅማት ወደ እጀታው ቁልቁል ይወርዳል፤ ያቀፉት የሁለቱ ጅማት አግድም ነው፤ የቆዳው ጅማት እንደገና ወደ እጀታው ይወርዳል። አናጺዎቻችን ኮምፔንሳቶ የሚሉት ነገር አሠራሩ ይኸው ነው፤ ጅማቱ ስለተቋለፈ በክረምትም በበጋም በቀላሉ አይጣመምም። በዚህ አሠራር ውስጥ ግን ጥበብ አለ፤ የትኛው እንጨት የት ይግባ፣ ምን ያህል ይሳሳ የሚለው ምርጫ ራኬቱን ወይ ያናግረዋል ወይ ዲዳ ያደርገዋል።

ጎማ ሳልለጥፍበት ራቁቱን ይዤ ኳሷን አነጠርኩበት። ድምፁ! «ጠቅ» አይልም፤ ወፈርና ረገብ ብሎ «ዶም» ይላል፤ ከደረት የሚወጣ ድምፅ። ንዝረቱ በእጀታው ወርዶ መዳፌ ላይ ይሰማኛል፤ ኳሷ መሃሉን ስትመታና ጫፉን ስትመታ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። እዚህ ወሎ ውስጥ፣ በአምባሰልና በባቲ ቅኝት አገር ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብደኝም። ክሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አንዱ ክራር ሆድ የሚያባባው፣ ሌላው የሚንጫረረው ክሩ የታሰረበት ነገር ስለሚለያይ ነው። ራኬት ላይ ጎማው ክሩ ነው፤ እንጨቱ ደግሞ ሣጥኑ።

እኛ ግን ራኬት ስንገዛ ሣጥኑን አናየውም። ቀዩን ጎማ፣ ጥቁሩን ጎማ፣ የስፖንጁን ውፍረት አይተን እንከፍላለን። ገበያው ላይ የሚገኘው ተለጥፎ ያለቀለት፣ በላስቲክ የታሸገ ራኬት ስለሆነ እንጨቱ ከነጭራሹ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። ጎማውን ልጦ ሥሩን የሚያይ የለም። ጎማ ግን ያልቃል፤ ይነጣል፣ ይደርቃል፣ ይለወጣል። እንጨት ከያዙት አሥር ዓመትም ሃያ ዓመትም አብሮ ይኖራል። እጅ የሚለምደው እንጨቱን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እንዳይምታቱ እፈልጋለሁ፤ ጥንካሬና ግትርነት። ጥንካሬ የቆዳው፣ የውጪው ልጣጭ ጠባይ ነው፤ ጥፍርህን ስትጫነው እሺ ይላል ወይስ አይልም? ግትርነት ደግሞ የጠቅላላ አካሉ ጠባይ ነው፤ ኳሷ ስትመታው በመጠኑ ይለመጣል ወይስ ንቅንቅ አይልም? ቆዳው ለስላሳ ሆኖ አካሉ ግትር የሆነ እንጨት አለ፤ ቆዳው ጠንካራ ሆኖ አካሉ የሚለመጥም አለ። ኳሷ ራኬቱ ላይ የምትቆየው የአንድ ሴኮንድ አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ነው! ቢሆንም ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚያች ቅጽበት ነው። ለስላሳ ቆዳ ኳሷን ትንሽ ወደ ውስጥ ያስገባታል፤ የሚለመጥ አካል አብሯት ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ኳሷ በስፖንጁ ውስጥ አልፋ እንጨቱ ላይ ትቀመጣለች፤ ያኔ እጅ ጠርጎ ስፒን፣ ማለትም ሽክርክሪት፣ ለማስያዝ ጊዜ ያገኛል። ጠንካራ ቆዳና ግትር አካል ግን ኳሷን ወዲያው ይተፋታል። ለስማሽ መልካም ነው፤ ጥርት ያለ፣ ፈጣን ምት ይሰጣል። ለመጥረግ ግን ፋታ አይሰጥም።

በዓለም ላይ የታወቁትን ቆዳዎች በሁለት ወገን ማየት ይቻላል። ሊምባ ለስለስ ያለ ነው፤ የጃፓኑ ሂኖኪም ለስላሳ ነው፤ ኮቶ ከሊምባ ይጠነክራል፤ ዋልነትና ዌንጌ ደግሞ ይብሳሉ። ከጃፓኑ በተርፍላይ የሚወጣውን ዝነኛውን ቪስካሪያ ብትሰነጥቁት ቆዳው ኮቶ፣ ከሥሩ አሪሌትና ካርቦን የተሸመነበት መረብ፣ ከዚያ ሊምባ፣ ልቡ ኪሪ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ግሩም ሥራ ነው፤ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ካርቦን ኳሷ መሃል ባታርፍ እንኳ ምቱ እንዳይሞት ያደርጋል፤ ጧት ማታ የሚለማመድ ባለሙያ ያን ፍጥነት ይገዛዋል። ሕጉም ይፈቅዳል፤ ከእንጨቱ ውፍረት ቢያንስ 85 በመቶው የተፈጥሮ እንጨት ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የካርቦንና የመሰል ነገር ንብርብር ከጠቅላላው ውፍረት 7.5 በመቶ ወይም 0.35 ሚሊ ሜትር፣ ከሁለቱ ካነሰው እስካልበለጠ ድረስ መግባት ይችላል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ያ ፍጥነት የተፈለገው ለየትኛው አገር አየር ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ፤ ይህን ሳስበው እስካሁን ልቤ ይዘላል!

ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይዘው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ ላይ አየሩ ይሳሳል። ደሴ ላይ የአየሩ እፍጋት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሩብ ያህል ይጎድላል፤ ኮምቦልቻ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ብቻ 6 በመቶ ገደማ ልዩነት አለ። ሯጮቻችን ይህን በሳንባቸው ያውቁታል። ኳሷም ታውቀዋለች!

የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ 2.7 ግራም ናት። ባሕር ጠረፍ ላይ በሴኮንድ 20 ሜትር በሚሆን ፍጥነት ስትመታት አየሩ ወደ ኋላ የሚይዛት ኃይል የራሷን ክብደት አምስት እጥፍ ያህላል። ለእንዲህ ዓይነቷ ቀላል ኳስ አየር ማለት ግድግዳ ነው። አየሩ በሩብ ሲሳሳ ግድግዳው በሩብ ይሳሳል፤ ኳሷ ፍጥነቷን ይዛ ትሄዳለች። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ቶፕ ስፒን ስንመታ ኳሷ ጠረጴዛው ላይ ጎብጣ የምትወርደው አየሩ ወደ ታች ስለሚጫናት ነው። የሳሳ አየር በዚያው ልክ የሚጫናት ያነሰ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ኳሷ ትፈጥናለች፣ በዚያው ላይ መጉበጥ ያለባትን ያህል አትጎብጥም፤ 2.74 ሜትር ርዝመት ያለውን ጠረጴዛ ሳትነካ ታልፋለች። ደሴ ላይ ፍጥነቱን አየሩ በነፃ ይሰጠናል። የሚጎድለን ኳሷን ይዞ፣ ጠርጎ፣ ስፒን ጨምሮ የሚያወርድልን እንጨት ነው። ለስላሳ ቆዳ፣ የሚለመጥ አካል። ባለ አምስት ንብርብር!

ታሪኩን ስታዩት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በ1926 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን በ2000 ኳሷን ከ38 ወደ 40 ሚሊ ሜትር አሳደጋት፤ ጨዋታው ረገብ እንዲልና ተመልካች ኳሷን በደንብ እንዲያያት ነው። በ2014 ደግሞ ሴሉሎይዱ ቀርቶ ፕላስቲክ ገባ። ኳሷ ስትገዝፍባቸው የባሕር ጠረፍ ተጫዋቾች የጎደለውን ፍጥነት ለመሙላት ወደ ካርቦን አዘነበሉ። እኔም ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠራሁት። ኳሷ ስታድግ አየር የሚይዛት ገጽ በ11 በመቶ ገደማ ሰፋ፤ የደሴ አየር ደግሞ በሩብ ይሳሳል። ስለዚህ የዛሬዋ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ኳስ ደሴ ላይ የሚገጥማት አየር፣ የድሮዋ ባለ 38 ኳስ ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚገጥማት እንኳ ያነሰ ነው። እኛ እዚህ ተራራ ላይ የምንጫወተው በትልቋ ኳስ የድሮውን ፈጣን ጨዋታ ነው!

በዚያ ዘመን ደግሞ ሙሉ እንጨት ከትልቁ መድረክ አልወረደም ነበር። ስዊድኖች በ1989 ዶርትሙንድ ላይ ቻይናን 5 ለ 0 አሸንፈው የቡድን ዓለም ሻምፒዮን የሆኑት፣ ያን ኦቨ ዋልድነር በ1989 እና በ1997 የዓለም ሻምፒዮን፣ በ1992 ባርሴሎና ላይ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ የሆነው በትንሿ ኳስ ነው። በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀው ቻይናዊው ሊዩ ጉዎሊያንግ የያዘው ክሊፐር የተባለው የስቲጋ እንጨት ሰባት ንብርብር አለው፤ ሁሉም እንጨት ነው፤ አንድም ካርቦን የለበትም። የዋልድነርን የድሮ ጨዋታዎች እዩ! ኳሷን እጁ ላይ ያሳድራታል። እንዲያ የሚያደርገው ችሎታው ነው፤ ግን ችሎታውን የሚሰማው እንጨት ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ጎማ ለጥፌ መጫወት ስጀምር ምን እንደሚመጣ በወረቀት አውቀው ነበር። እጄ ሲያየው ግን ሌላ ነገር ነው! ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ተኩል ወደ ኋላ ብዬ ፎርሃንድ ጠረግኳት። ኳሷ ከመረቡ በላይ ከፍ ብላ ሄደች፤ ትወጣለች ስትል የጠረጴዛው የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ጎብጣ አረፈችና ዝቅ ብላ ፈነጠረች። ደገምኳት። አሁንም! ኳሷ እንጨቱን ስትነካ ልክ አንድ ሰው መዳፌን በአውራ ጣቱ ጫን እንዳደረገኝ ያለ ስሜት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደምታርፍ ሳላያት አውቃለሁ። ባክሃንድ ላይ ይበልጣል። አጭር ኳስ መረቡ ሥር ማስቀመጥማ ከዚህ እንጨት ጋር ደስታ ነው፤ ለስለስ አድርገህ ስትነካት ትሞትልሃለች።

ብርዱም የራሱ ድርሻ አለው። ደሴ ጧት ጧት የምታንዘፈዝፍ ከተማ ናት፤ የስፖንጅ ጠባይ ደግሞ ሲበርደው መድረቅ ነው። ደረቅ ስፖንጅ በጠንካራ እንጨት ላይ ሲለጠፍ ራኬቱ ድንጋይ ይሆናል። ለስላሳ እንጨት ላይ ሲሆን ግን እንጨቱ ያካክሰዋል። ጉሙ ሲወርድ ነገሩ ይለያል፤ ጎማው ላብ ይዞ ኳሷ ትንሸራተታለች፤ ለዚያ መድኃኒቱ ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ነው።

እንጨቱን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ መውረዴ የግድ ነበር። ሐረጎን አልፎ ሞቅ ያለው አየር ሲቀበል ጆሮ ጧ ይላል፤ ያቺ ጧ የምትል ነገር የማወራላችሁ አየር ናት። መንገድ ዳር ጥላ ሥር በተዘረጋች ጠረጴዛ ዙሪያ ከፋብሪካ ሽፍት የወጡ ልጆች ተሰብስበዋል፤ ተሸናፊ ይወጣል፣ አሸናፊ ይቆማል። ኳሷ እዚያ በግልጽ ቶሎ ትወርዳለች፤ ሙቀቱም ጎማውን ያላላዋል፤ ትንሽ ጠንከር አድርጎ መምታት ይጠይቃል። አንዱ ልጅ ራኬቴን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ ካርቦን የለውም እንዴ?»

«የለውም።»

«ታዲያ በምኑ ይመታሉ?»

«አብሽር፣ እስቲ ያዝና ሞክረው።»

ያዘው። መጀመሪያ እንደለመደው በኃይል መታ፤ ኳሷ መረብ ላይ ቀረች። ሁለተኛውን በእጅ አንጓው ጠረገው። ቆመና እንጨቱን አየው፣ ሦስተኛውን ጠረገው፣ ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «ኳሷን ይይዛታል እኮ! ወላሂ ይይዛታል!» አለ። ራኬቴን ለማስመለስ ብዙ ልመና ፈጀብኝ። ኮምቦልቻ ላይ ለሚጫወት ጉልበተኛ ልጅ ባለ ሰባቱን ንብርብር ሙሉ እንጨትም አልከለክለውም፤ ወፈርና ገተር ስለሚል ለዚያ አየር ይስማማል። ደሴ ላይ ግን ከአምስቱ ንቅንቅ አልልም።

የዚያን ዕለት ልጆቹ «እንዴት እንምረጥ?» ብለው ከበቡኝ። እኔም ያልኳቸውን እዚህም ልበለው። እንጨቱን እጀታው ጫፍ ላይ በሁለት ጣት ለቀቅ አድርጋችሁ ያዙና መሃሉን በኳስ ወይም በጣት አንጓ አንኳኩት። ድምፁ ቀጭንና ሹል ከሆነ ግትር ነው፤ ወፈር ብሎ ረዘም ካለ ይለመጣል። የተሰነጠቀ ወይም ሙጫው የለቀቀ ከሆነ ድምፁ ይንሸዋረራል፤ ያን አትግዙ። ክብደቱ ከ80 እስከ 90 ግራም ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሁለት ጎማ ሲለጠፍበት በእጥፍ ይከብዳልና ክንዳችሁን አስቡ። እጀታው ወደ ታች ሰፋ የሚለው ከእጅ አያመልጥም፤ ቀጥ ያለው ደግሞ መያዣ ለመቀያየር ይመቻል፤ ይህን እጃችሁ እንጂ እኔ አልመርጥላችሁም። ስፖንጁን እስከ ጥግ አታወፍሩት። ሕጉ ጎማው፣ ስፖንጁና ሙጫው ተደምረው 4 ሚሊ ሜትር ድረስ ቢፈቅድም ለስላሳ እንጨት ላይ መካከለኛ ስፖንጅ ነው የሚያምረው፤ እንጨቱ የሚናገረው ይሰማል። በጫማ ማስቲሽ አትለጥፉ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የሚተን ኬሚካል ያለበትን ሙጫ ያገደው ለጤና ብሎ ነው፤ በውሃ የተሠራው ሙጫ ይበቃል። ሊምባ ቆዳው ስስ ስለሆነ ጎማ ሲላጥ ስንጣሪ ይነሣል፤ ከመለጠፍ በፊት ገጹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርጎ ቀጭን ቫርኒሽ አንድ ጊዜ መቀባት ነው፤ ሲላጥም ቀስ ብሎ።

አሁን ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያስደሰተኝን ልንገራችሁ። ሊምባ ከየት ነው? ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ደን! ኮቶስ? ከምዕራብ አፍሪካ! ለስፍር ቁጥር የሌላቸው ራኬቶች ልብ ሆኖ የሚያገለግለው አዩስ የሚባለው ነጣ ያለ ቀላል እንጨት፣ ናይጄሪያዎች ኦቤቼ፣ ጋናዎች ዋዋ የሚሉት፣ እሱም አፍሪካዊ ነው! ስዊድንም ጀርመንም ጃፓንም በኩራት ከሚሸጡት ራኬት የብዙው ቆዳ ወይም ልብ የኛው አህጉር ዛፍ ነው። ናይጄሪያዊው አሩና ቋድሪ በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ሩብ ፍጻሜ ሲደርስ፣ ግብፃዊው ኦማር አሳር በቶኪዮም በፓሪስም ሩብ ፍጻሜ ሲደርስ፣ ተጫዋቹ ብቻ መስሎን ነበር አፍሪካዊው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ ሻምፒዮና አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ የአህጉሩ ምርጦች እዚሁ ከፍታችን ላይ፣ በዚሁ በሳሳ አየር ውስጥ ነው የተጫወቱት።

የአህጉራችን ዛፍ ራኬት መሆኑን ሳስብ ነው ዋንዛ የመጣልኝ። ዋንዛ! ከበሮ የሚጠረብበት፣ ወንበርና ሳጥን የሚሠራበት ዛፋችን። ቀላል ነው፣ ሲላግ ያምራል፣ ክብደቱም ከአዩስ ብዙ አይርቅም። ሕጉን ስገልጥ ደግሞ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ራኬት በመጠንም በቅርፅም በክብደትም ገደብ የለበትም፤ እንጨቱ ጠፍጣፋና ግትር ይሁን ይላል፣ 85 በመቶው እንጨት ይሁን ይላል። ፌዴሬሽኑ እየመረመረ ስማቸውን በዝርዝር የሚያወጣው የጎማዎቹን ነው፤ ለእንጨት እንዲህ ያለ ዝርዝር የለም። ስለዚህ ሰኞ ገበያ ያለ አናጺ ጠርቦ የሠራው የዋንዛ እንጨት የተፈቀደ ጎማ ከተለጠፈበት ኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ ቢቀርብ «አይሆንም» የሚል ዳኛ የለም!

ሄድኩ እንጂ! አንድ ሸምገል ያለ አናጺ ጋ ገብቼ እንጨቱን ሰጠኋቸው። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ጆሮአቸው ሥር አድርገው አንኳኩት፣ አሸተቱት።

«ይሄ ኮምፔንሳቶ ነው ልጄ፤ ግን የሠራው ሰው እንጨት ያውቃል።»

«ልቡን ዋንዛ እናድርገው አባባ? ይቻላል?»

«ዋንዛው የደረቀ ከሆነ ለምን አይቻልም! ቆዳውን ግን ምን ልታደርገው ነው? እሱን አስበህ ና።»

አስቤያለሁ። ቆዳውንም ዋንዛ እናሳሳዋለን፤ ቀጥሎ ያለውን አግድም ንብርብር ግራቪሊያ እንሞክረዋለን፤ ካልሆነ እንለዋውጠዋለን። ልኩን ወስደዋል፤ ወርዱ 150፣ ቁመቱ 157 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ6 በታች። የደረቀ ዋንዛ ከቆየ የበር ሳንቃ አግኝተናል፤ ሙጫው ገብቶ በመጭመቂያ ከታሰረ በኋላ መጀመሪያ ደሴ ላይ፣ በማግሥቱ ኮምቦልቻ ላይ እንመታበታለን። የራሳችሁን ራኬት ይዛችሁ ኑ፤ ጎን ለጎን አንኳኩተን፣ ተለዋውጠን እንጫወትበታለን!